የአራተኛ ፎቁ ጥሩምባ

ጋሼ ገረመው የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። «ነበሩ» የምለው ሞተው አይደለም፤ ዛሬም ከሲኤምሲ ጀርባ ባለው ኮንዶሚኒየማችን፣ ከእኔ ቤት ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ይኖራሉ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ደህና ነህ፣ ደህና ነዎት እንባባላለን። መንፋቱን ግን ትተውታል። ለምን እንደተዉት የማያውቅ አዲስ ተከራይ ሲጠይቃቸው ወደ እኛ ወደ ነባሮቹ ያያሉ፤ እኛም መሬት መሬት እናያለን።

ድሮ ላምበረት አካባቢ ሲኖሩ የሰው ሞት የሚነገረው በሳቸው አፍ ነበር። ማለዳ በየመንደሩ እየዞሩ ጥሩምባውን ረዘም አድርገው አንዴ ይነፉና ዝም ይላሉ። በዚያ ዝምታ ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ከዚያ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይጠራሉ። የራሱ ዘመድ አለመሆኑን የሰማ ያማትባል፤ ነጠላውን አንስቶም ወደ ለቅሶው ቤት ይሄዳል። ሥራቸው ይኸው ነው፤ ቀላል ይመስላል። አንድ ሕግ ግን ነበራቸው፦ ያለ ሬሳ አይነፉም። ሠርግ ላይ ቢለመኑ፣ ልጆች ቢያስቸግሯቸው፣ «ይሄ ዕቃ አንዴ አፉን ከከፈተ ሰው ሳይበላ አይዘጋም» ብለው ወደ ብብታቸው ይሸጉጡታል። እኔ መምህር ነኝ፤ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ቢሆንም ይህን ሲሉ ፊታቸውን ላየ ሰው ማመን አለማመን ትዝ አይለውም።

ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሲመጡ ዕጣ የሚባለው ዓይነ ስውር አራተኛ ፎቅ ላይ ወረወራቸው። አሳንሰር የለም። ባለቤታቸው እማማ ወለተማርያም ደግሞ ብዙም ሳይቆዩ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። አንዴ በአራት ሰው ሸክም ወደ ሐኪም ቤት ወርደው፣ በአራት ሰው ሸክም ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ዓለማቸው በአልጋቸው ትይዩ ያለው መስኮት ሆነ። ከመስኮቱ ሥር ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ። ማን ከሥራ እንደመጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ጋቢውን ሳይለብስ ብርድ ውስጥ እንደወጣ እሳቸው ያውቃሉ።

ዕድሩም ዘመነ። አንድ የስብሰባ ቀን የሞት ማስታወቂያ ከእንግዲህ በቴሌግራም ይሁን ተባለና እጅ ተነሥቶ አለቀ። ጋሼ ገረመው ቤታቸው ገብተው ጥሩምባውን ከአልጋው በላይ ሚስማር ላይ ሰቀሉት። የዚያን ዕለት እማማ ወለተማርያም አንድ ነገር አስማሏቸው።

«እኔን በስልክ እንዳታስነግረኝ፣ ገሬ።»

«ምን በወጣሽ! በጥሩምባ ነው የማስነግርሽ።»

ይህን የነገሩኝ ራሳቸው እማማ ናቸው፤ ሌላ ሴት ባሏ የገዛላትን ሐብል እንደምታሳይ እየተኩራሩ ነው የነገሩኝ። ሞትን አይፈሩም ነበር። የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ብቻቸውን መሆንን። ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ነፍሳቸው እንድትወጣ አይፈልጉም፤ ከወጣች በኋላም ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ መተኛት አይፈልጉም። «ቤቴ በሰው ይሙላልኝ እንጂ ሌላው የእግዜር ነው» ይላሉ።

ከዚያ በታኅሣሥ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ምንጩ ወደ አዋሽ በኩል ነው ተባለ፤ ሩቅ ነው። ለእኛ የሚደርሰን ጅራቱ ነበር። ጅራቱ ግን ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው አይናቅም። የተማሪ ደብተር እያረምኩ አምፖሉ በራሱ መወዛወዝ ጀመረ። ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃ ማንም ሳይነካው ክብ ክብ ሠራ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ እዚያው ቆመ፤ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ፈራሁ። ሰው ከሚገፋው በር ማንም የማይገፋው በር እንደሚያስፈራ ያወቅኩት ያኔ ነው።

እማማ ወለተማርያም ግን ከሁላችን ቀድመው ያውቁት ጀመር። ከራሳቸው በላይ የተሰቀለው ጥሩምባ መሬቱ ገና ሳይሰማን ግድግዳው ላይ ያጉረመርማል። አንድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ገብቼ ሳለ ወሬያቸውን አቋረጡና «መጣ» አሉ። ምንም አልነበረም። ጆሮዬን አቀናሁ። ከጥሩምባው ውስጥ፣ ሰው አፉን ዘግቶ እንደሚያዜመው ያለ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው ወንበሬ ከሥሬ የተንሸራተተው። ቆርቆሮ ሚስማር ላይ ሲንቀጠቀጥ እንደሚጮህ አውቃለሁ፤ አስተምረዋለሁም። ነገር ግን ያን ቀን ደረጃውን ስወርድ ወደ ኋላዬ እያየሁ ነበር።

«ማንንም ሳይበላ እያዛጋ ነው» አሉ ጋሼ ገረመው፣ ጥሩምባውን በጨርቅ ጠቅልለው መልሰው ሲሰቅሉት። በጨርቁ ውስጥም ያጉረመርም ነበር።

የብሎካችን ሰው ተሰብስቦ የአደጋ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው አብነት ነው፤ ኢንሹራንስ ቤት የሚሠራ፣ ሲናገር ጣቱን የሚቆጥር ሰው። ክፋት የለበትም፤ ሥርዓት ይወዳል። ቤቴል የምትባል ባለሙያ ጠርቶ የጋራ አዳራሻችን ኮሙናሉ ውስጥ ሥልጠና አሰጠን። ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ሲቆም ጋዙን ዝጉ፣ ቁም ሣጥን ከግድግዳ ጋር እሰሩ፣ ከዚያ ሁላችሁም ወደ ሜዳ። ከበሩ አጠገብ የአደጋ ሻንጣ ይቀመጥ፦ ውሃ፣ ብስኩት፣ ባትሪ፣ መታወቂያ፣ የሚወሰድ መድኃኒት። በሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞረች ሻንጣ አየች። የእኔን ከፍታ ውሃ የለውም ብላ ተቆጣችኝ።

አራተኛ ፎቅ ስትወጣ አብሬያት ነበርኩ። የእነ ጋሼ ገረመው ሻንጣ ከበሩ አጠገብ ተዘጋጅቷል፤ ዚፑ ተዘግቷል። ከፈተችው። ውስጡ በሥርዓት የታጠፈ ነጭ ጨርቅ፣ የክር ጥቅልና በትንሽ ጠርሙስ ጠበል አለ።

«ይኼ ምንድነው እማማ?» አለች።

«መግነዣዬ ነው፣ ልጄ። ለመንገድ የሚያስፈልገውን አዘጋጁ አላልሽም?»

ቤቴል ሻንጣውን ቀስ ብላ ዘጋችው። ውሃና ብስኩት እንዲጨመርበት ለመናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ ተወችው። ደረጃው ላይ ስንወርድ «ከሁላችሁም የተዘጋጁት እሳቸው ናቸው» አለችኝና ሳቀች። ሳቋ ግን እስከ ታች አልዘለቀም።

ችግር የሆነው የማስጠንቀቂያው ድምፅ ነው። ስልክ ኔትወርክ ይጠፋበታል፤ ደወል የለንም። አብነት ጣቱን ቆጠረና «ጥሩምባ አለን!» አለ። ኮሙናሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ጋሼ ገረመው ዞረ።

«ማን ሞተ ብዬ ልንፋ?» አሉ።

«ማንም እንዳይሞት ነው እንጂ ጋሼ! ለሞትማ ቴሌግራም አለን። ጥሩምባ ለመሬቱ ይሁን።»

ውል አቀረቡ። እሳቸው ሜዳው ላይ ቆመው ሲነፉ ወለተማርያም እላይ ቤት ብቻዋን ትቀራለች፤ የሚያወርዳት ሰው ይመደብላቸው። ያን ካደረጋችሁልኝ እነፋለሁ አሉ። የሦስተኛ ፎቁ ኢያሱና የሳቸው ጎረቤት ኻሊድ እዚያው እጃቸውን አነሡ። ሕጋቸውን ያፈረሱት ስለ ሚስታቸው ነው። እኔ እስከ ዛሬ የማስበው ይህን ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ጋሼ ገረመው ሜዳው መሐል ቆመው ነፉ። እንደ ልማዳቸው ረዘም አድርገው ነበር። የብሎካችን ወጣት ሁሉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወረደ። እናቶች ግን ጥሩምባ ሲሰሙ የሚያደርጉትን አደረጉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ላይ ወጡ። ማን ሞተ ተብሎ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ጥሩምባ ነፊው ቆሟል፣ ታማሚዋ ሚስቱ ናት። ከፊታቸው ወይዘሮ ሃረገወይን ነበረች፣ የመቐለ ሴት፤ በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ተዘግቶ እናቷ ሞተው ተቀብረው ዘግይታ የሰማች። ከዚያ ወዲህ የማንም ለቅሶ ቀርቶባት አያውቅም። ደረጃውን እያለቀሰች ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

እማማ ወለተማርያም አልጋቸው ላይ ተጋድመው የራሳቸው ለቅሶ ከሥር ፎቅ በፎቅ እየቀረበ ሲመጣ ሰሙ። ስማቸው ሲጠራ፣ ደግነታቸው ሲወሳ ሰሙ። በሩ ተበረገደና ሴቶቹ ዘለቁ። ሟቿ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው እያዩዋቸው ነው። አንዷ እዚያው ወደቀች። ወይዘሮ ሃረገወይን አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች።

«ግቡ፣ ግቡ» አሉ እማማ። «ቤቴ ሞላልኝ! እንዲህ ነው እንጂ። ስሞትም እንዲሁ ኑልኝ።»

ሴቶቹ ሳቁም፣ አለቀሱም። አንዳንዶቹ ግን ለሕያው ሰው ማልቀስ ደግ አይደለም ብለው በዚያው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። አብነት ተናደደ። ሕንፃው ቢንቀጠቀጥ ኖሮ እናቶቻችን በሙሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ያልቁ ነበር አለ፤ እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ልምምድ ሆነ፤ ጋሼም ከለቅሶ እንዲለይ ቆራርጠው እንዲነፉ ተነገራቸው። ጥሩምባው በተነፋ ቁጥር ወደ ታች! ወደ ላይ የሄደ ሰው በስሙ እየተጠራ በድምፅ ማጉያ ይወቀሳል። ወይዘሮ ሃረገወይን ብዙ ጊዜ ተጠራች። መጨረሻ ላይ ግን እሷም ለመደች። ሁላችንም ለመድን። እንቅልፍ ላይ ሆነን እንኳ ጥሩምባ ከሰማን እግራችን ደረጃ ላይ ነው። ማሠልጠን ያውቅበታል አብነት።

በጥር መጨረሻ፣ አንድ ምሽት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከባዱ መጣ። ግድግዳው ጮኸ፤ ብርጭቆዎቼ ከመደርደሪያ ወረዱ። ጠረጴዛ ሥር ሆኜ የማስበው አልነበረም። ሲቆም ጥሩምባው ከሜዳው ተነፋ፤ ጋሼ ገረመው ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ ነበር የያዛቸው፤ ልምምዱ ከተጀመረ ወዲህ ጥሩምባውን ይዘው ነው የሚወጡት። ብሎኩ እንደ አንድ ሰው ወረደ። ኢያሱ ከሥራው አልተመለሰም። ኻሊድ ሕፃን ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ሚስቱን በእጇ እየጎተተ ወረደ። ማን ይፈርድበታል?

ጋሼ ገረመው መንፋት ነበረባቸው፤ ሁሉም እስኪወጣ አያቆሙም። እየነፉ ዓይናቸው አራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ነበር። ጉንጫቸው በእንባ ርሶ ያንን ዕቃ ሲነፉ አይቻቸዋለሁ። መንፋት እንደጨረሱ ሮጡ፤ በዚያ ዕድሜ እንደዚያ ይሮጣል ብዬ አላስብም ነበር። ተከትያቸው ወጣሁ። እማማ ወለተማርያም ከኮርኒሱ የረገፈ ኖራ ፀጉራቸውና ፊታቸው ላይ ነጭ ሆኖ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ተጋድመዋል። ለቅጽበት የሞቱ መስሎኝ ነበር።

«ሰው ሁሉ ሲወርድ ሰማሁ» አሉ። «ኮቴው ሁሉ ወረደ፣ ወረደ፣ አለቀ። ሰው ጥሎት የወጣ ፎቅ ድምፅ አለው ገሬ፤ ታውቃለህ? ይተነፍሳል።»

ጋሼ ገረመው ኖራውን ከፊታቸው ላይ በእጃቸው ይጠርጉ ጀመር። «ሁለተኛ አልተውሽም» አሉ። ኻሊድ በማግስቱ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። እማማ ሳሙትና «ልጅህን ማንሳትህ ደግ አደረግክ» አሉት። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በር ሲዘጋ አይወዱም ነበር። ጋሼ ገረመው በሩን በጡብ አስደግፈው ክፍት ይተዉታል። ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሁሉ «እማማ፣ እንዴት ነዎት?» ብሎ ያልፋል።

መሬቱ ቀስ በቀስ ተረጋጋ። ልምምዱ ግን ቀጠለ፤ አብነት የተረጋጋ መሬት አያምንም። ክረምት ገባ።

በሐምሌ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ባለበት ሰዓት፣ እማማ ወለተማርያምን በብርድ ሳል የጀመራቸው ሕመም ጨረሳቸው። ግድግዳው ላይ ያለው ጥሩምባ ዝም ብሎ ነበር። አምፖሉ ዝም ብሎ ነበር። ጋሼ ገረመው እጃቸውን ይዘው ነበርና ብቻቸውን አልሞቱም። የቀረው ሁለተኛው ቃል ነው፤ በጥሩምባ ማስነገር፣ ቤቱን በሰው መሙላት።

ቃላቸውን አስታወሱ፤ ሌላውን ሁሉ ረሱት። ሬሳውን ትቶ ወደ ሜዳ መውረድ አልሆነላቸውም፤ ሁለተኛ አልተውሽም ብለዋላ። ጥሩምባውን ከሚስማሩ አውርደው በረንዳ ላይ ወጡና ነፉ።

ብሎኩ ወረደ።

በሮች ሲበረገዱ፣ ኮቴ ሲንጋጋ፣ ልጆች ሲያለቅሱ ሰማሁ፤ እኔም ሻንጣዬን አንስቼ ወረድኩ። በእነ እማማ ክፍት በር ፊት ለፊት አልፈው የሮጡ አሉ፤ ማንም ወደ ውስጥ አላየም። ካፊያ ነበር። ሜዳው ላይ እንደተማርነው በየፎቃችን ተሰልፈን ቆምን፤ ፊታችንን ወደ ሕንፃው አዞርን። «ተሰምቷችኋል?» አለ አንዱ። «እንዴታ! አልጋዬ ተነቃነቀ» አለች ሌላዋ። ሦስት አራት ሰው ማለ። የተነቃነቀ ነገር አልነበረም።

በረንዳው ላይ ጋሼ ገረመው ብቻቸውን ቆመዋል። «ጋሼ ይውረዱ! ይውረዱ!» እያልን በእጃችን ጠራናቸው። እነ ኢያሱ እማማን ያመጣሉ ብለን፣ እነ ኢያሱም ጋሼ ቤት አሉ ብለው፣ ሁላችንም እታች ነበርን። እሳቸው አዩን። ጥሩምባውን አንሥተው እንደገና ነፉ።

«ሁለተኛ ጥሩምባ ነው!» ብሎ ጮኸ አብነት በድምፅ ማጉያው። «ወደ ኋላ ራቁ! ሁላችሁም ወደ ኋላ!»

ራቅን። ሜዳው ጫፍ አጥሩ ድረስ ተገፋን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኛ ነን።

ጋሼ በኋላ እንደነገሩኝ፣ የሚስታቸውን ስም ሊጠሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር። የስንቱን ሰው ስም በየመንደሩ የጠሩ ሰው የሷን ስም ማውጣት አቃታቸው። ስለዚህ ነፍተው ዝም ይላሉ፤ ነፍተው ዝም ይላሉ። በነፉ ቁጥር ሰው ከቤታቸው ሲርቅ ያያሉ።

በሦስተኛው ጊዜ ወይዘሮ ሃረገወይን ሻንጣዋን ጭቃው ላይ አስቀመጠች።

«ስሙማ» አለች። «ለልምምድ ቆራርጠው ነው የሚነፉት። ይሄ አንድ ረጅም ነው። ነፍተው ዝም አሉ። ዝም የሚሉት የሟች ስም ሊጠሩ ነው።»

ነጠላዋን አወረደችና አዘቅዝቃ ለበሰችው። ሜዳውን አቋርጣ መሄድ ጀመረች።

«ወይዘሮ ሃረገወይን፣ ወደ ሕንፃው መጠጋት ክልክል ነው!» አለ ድምፅ ማጉያው።

አልዞረችም። በደረጃው መስኮቶች ነጭ ነጠላዋ ሲያልፍ ይታየን ነበር፤ አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ከዚያ ጠፋች። በረንዳው ላይ ጋሼ ገረመው ጥሩምባውን መሬት አስቀምጠው ወደ ውስጥ ገቡ። ጥቂት ቆይቶ የአንዲት ሴት ለቅሶ ከአራተኛ ፎቅ ወረደ፤ የእማማ ወለተማርያምን ስም የጠራችው እሷ ነች።

ያኔ ነገሩ ገባን። ገብቶንም ግን እግራችን ወዲያው አልታዘዘም። ካፊያው ውስጥ፣ አጥሩን ተደግፈን፣ ሻንጣችንን እንደያዝን፣ ባዶውን ሕንፃ ቀና ብለን እያየን ቆምን።